የሮያል ማሪንስን አርማና የደንብ ልብስ ምልክቶች እንዴት እናንብብ? ዝርዝር መመሪያ

የብሪታንያ ሮያል ማሪንስ ከመርከብ ወርዶ በየብስ የሚዋጋ እግረኛ ጦር ነው። ከ1664 ጀምሮ የሚቆጠር ታሪክ አለው። ያ ሁሉ ታሪክ የት እንዳለ ከጠየቃችሁኝ መልሴ አጭር ነው፤ ልብሱ ላይ ነው። ባጁ፣ ኮሌታው፣ ቦኔቱ፣ የትከሻው ገመድ፣ ሁሉም አንድ ነገር ይናገራሉ። ምልክቶቹ አንድ ቀን አንድ ላይ ተቀርጸው የወጡ አይደሉም። እያንዳንዱ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ምክንያት የተጨመረ ነው። ስለዚህ የሚነበቡት አንድ በአንድ ነው።

ይህ መመሪያ የድሮ ባጅ እጁ ለገባ፣ የወታደር ፎቶ አግኝቶ "ይሄ ሰውዬ የየትኛው ክፍል ነው? መቼስ ነው የተነሳው?" ብሎ ለሚጠይቅ፣ ወይም ስለ ወታደራዊ ምልክቶች ማወቅ ለሚወድ ሰው ነው። አጉሊ መነጽር፣ ጥሩ መብራትና ማስታወሻ ደብተር ይበቃችኋል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ የክፍሉን ዕድሜ ያዙ

ባጁን ከማገላበጣችሁ በፊት ጥቂት ዓመታትን በቃላችሁ ያዙ። ያለ እነሱ ምልክቱ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ክፍሉ የተወለደው ኦክቶበር 28 ቀን 1664 ነው። በንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ ዘመን ለመርከቦች የሚሆኑ 1,200 እግረኛ ወታደሮች እንዲመለመሉ ተወሰነ። የንጉሡ ወንድም የዮርክና የአልባኒ መስፍን ጄምስ የባሕር ኃይሉ የበላይ አድሚራል ስለነበር ሬጅመንቱ በእሱ ስም ተጠራ። ወታደሮቹ ቢጫ ኮት ነበር የሚለብሱት። ይህችን ቢጫ ልብ በሏት፤ ከክፍሉ መታወቂያ ቀለማት አንዷ ሆና ዛሬም አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። የመጀመሪያው ሬጅመንት በ1689 ተበተነ። ጦርነት ሲመጣ አዳዲስ የማሪን ሬጅመንቶች ይቋቋማሉ፣ ሰላም ሲሆን ይፈርሳሉ። ነገሩ የረጋው በ1755 ነው። ያኔ 50 ሻምበሎች ተቋቋሙ፤ በቻተም፣ በፖርትስመዝና በፕሊመዝ በሦስት ዲቪዥን ተከፈሉ፤ ተጠሪነታቸውም ለባሕር ኃይሉ አስተዳደር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ፈርሶ አያውቅም። "ሮያል" የሚለውን ማዕረግ ከንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ያገኘው ደግሞ በ1802 ነው።

ለእናንተ የሚጠቅመው ይሄ ነው፦ አንድ ሻጭ "ይሄ የ1700ዎቹ የሮያል ማሪንስ ባጅ ነው" ካላችሁ፣ በዚያ ዘመን "ሮያል" የሚባል ማሪን እንዳልነበረ ታውቃላችሁ።

ደረጃ 2፦ ሙሉውን አርማ ከቆብ ባጁ ለዩ

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደናገራል። የክፍሉ ሙሉ አርማና ወታደሩ ቆቡ ላይ የሚያደርገው ባጅ አንድ አይደሉም። በሙሉው አርማ ላይ አንበሳ፣ ዘውድ፣ ጅብራልታር የሚል ጽሑፍ፣ ሉል፣ የሎረል ቅጠል አክሊል፣ ገመድ የተጠመጠመበት መልሕቅና መሪ ቃሉ ሁሉም አሉ። የቆቡ ባጅ ግን ተቀንሶ የቀረ ነው፤ ሉል፣ ሎረል፣ ከላይ አንበሳና ዘውድ ብቻ። ስለዚህ የቆብ ባጅ ላይ መልሕቅ ወይም ጽሑፍ ስላጣችሁ "ጎዶሎ ነው" አትበሉ።

አሁን ሙሉውን አርማ በየተራ እንየው።

መልሕቁ የበላይ አድሚራሉ ምልክት ነው። ክፍሉ የባሕር ኃይሉ ቤተሰብ መሆኑን ይናገራል። ገመዱ መልሕቁ ላይ መጠምጠሙን ተመልከቱ። ባዶ መልሕቅ ካያችሁ የሌላ ድርጅት ዕቃ ሊሆን ይችላል።

ሎረሉ፣ በክፍሉ ትውፊት መሠረት፣ በ1761 በቤል ኢል ለተደረገው ጀብዱ የተሰጠ ነው። ቤል ኢል በፈረንሳይ ብሪታኒ ጠረፍ ፊት ለፊት ያለች ደሴት ናት። ማሪኖቹ ከጀልባ ወርደው ደሴቲቱን ለመያዝ በተደረገው ውጊያ ስማቸውን ተከሉ።

ጅብራልታር የሚለው ቃል የ1704 ድል ነው። የእንግሊዝና የኔዘርላንድ ማሪኖች በስፔን ደቡብ ጫፍ ያለውን የጅብራልታር አለት ያዙ፤ ከዚያም ከባድ ከበባ ተቋቁመው አላስነጥቅም አሉ። እዚህ ላይ ስለ ቀኑ አንድ ነገር ላንሳ። አንዳንድ ጽሑፍ ጁላይ 24፣ ሌላው ኦገስት 4 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። እንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ የምትጠቀመው አሮጌውን የጁልያን አቆጣጠር ነበር፤ ልዩነቱ በዚያ ክፍለ ዘመን 11 ቀን ነው። ክፍሉ በዓሉን የሚያከብረው በአሮጌው ቀን፣ ጁላይ 24 ነው። የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ለእኛ አዲስ አይደለምና ይሄ አያስቸግራችሁም።

ወደ ሉሉ እንምጣ። ለእኔ የአርማው ልብ ይሄ ነው። በ1827 ለክፍሉ አዲስ ሰንደቅ ሊሰጥ ታሰበ። በሌሎች ሬጅመንቶች ልማድ ሰንደቅ ላይ የውጊያ ስሞች ይጻፋሉ። የማሪኖቹ ውጊያዎች ግን ከመቶ በላይ ሆኑ። የትኛው ተጽፎ የትኛው ይተው? ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ መላ አገኘለት፤ በውጊያ ስሞቹ ፋንታ መላው የዓለም ሉል ይሰጣቸው አለ። በየባሕሩና በየአህጉሩ ስለተዋጉ ዓለሙ ራሱ ምስክር ይሁን ማለት ነው። በጽሑፍ የቀረው ጅብራልታር ብቻ ነው። ሰንደቁን በቻተም ያስረከበው ያኔ የበላይ አድሚራል የነበረው፣ በኋላ ንጉሥ ዊልያም አራተኛ የሆነው የክላረንስ መስፍን ነው። ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ የራሱ ስም ፊደላት ከመልሕቁ ጋር ተጠላልፈው ሰንደቁ ላይ እንዲቀሩም ፈቀደ።

ይህን ካወቃችሁ በኋላ ሉሉን በአጉሊ መነጽር እዩት። የሚታየው የምሥራቁ ንፍቀ ክበብ ነው። አፍሪካ ጉልህ ብላ ትታያለች፤ ከላይዋ አውሮፓ፣ ወደ ቀኝ እስያ። ጥሩ ባጅ ላይ የአህጉሮቹ ጠርዝ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል።

አንበሳና ዘውዱ የንጉሣዊነት ምልክት ናቸው። መሪ ቃሉ በላቲን "ፐር ማሬ ፐር ቴራም" ነው፤ በባሕርም በየብስም ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ሉሉ አናት ላይ ያለውን ለዩ

የባጁን ዘመን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ቁልፍ የለም። የቆብ ባጁን ውሰዱና ከሉሉ በላይ ምን እንዳለ ተመልከቱ።

መለከት ካለ የሮያል ማሪን ላይት ኢንፋንትሪ ነው። የሚነድ ቦምብ ካለ የሮያል ማሪን አርቲለሪ ነው። አንበሳና ዘውድ ካለ ደግሞ ሁለቱ ከተዋሃዱ በኋላ የወጣ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በ1804 ማሪኖቹ የራሳቸውን መድፈኛ ክፍል አቋቋሙ። በ1855 ደግሞ እግረኞቹ ቀላል እግረኛ ተባሉ፤ የቀላል እግረኛ ምልክት መለከት ነው። መድፈኞቹ ሰማያዊ ስለሚለብሱ "ሰማያዊዎቹ ማሪኖች"፣ እግረኞቹ ቀይ ስለሚለብሱ "ቀዮቹ ማሪኖች" ይባሉ ነበር። በጁን 1923 ሁለቱ ተቀላቀሉና መለከቱም ቦምቡም ከቆቡ ወረዱ። ስለዚህ መለከት ያለበት የቆብ ባጅ አድርጎ የተነሳ ወታደር ፎቶው ከውህደቱ በፊት የተነሳ ነው ብላችሁ በልበ ሙሉነት መጻፍ ትችላላችሁ።

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ከሆነ ግን በኮቱ ቀለም አትፍረዱ። የዚያ ዘመን ፊልም ብዙው ቀይ ብርሃንን አይቀበልም ነበር። ደማቅ ቀይ ኮት ጠቁሮ ነው የሚወጣው። ጥቁር ሰማያዊውም እንዲሁ ጠቁሮ ይታያል። ስለዚህ ወደ ቆቡና ወደ ኮሌታው ሂዱ፤ ቅርጽ እንደ ቀለም አያታልልም።

ደረጃ 4፦ የዘውዱን ቅርጽ እዩ

ባጁ አንበሳና ዘውድ ያለው ከሆነ ይህ ደረጃ ይመለከታችኋል። ዘውዷ ትንሽ ናት፤ አንበሳው ላይዋ ቆሟል። ያለ አጉሊ መነጽር አትሞክሩት።

የዘውዱን ቅስቶች ተከተሉ። ወደ መሐል ሲሄዱ እንደ ጉልላት ወደ ላይ ከወጡ የቱዶር ዘውድ ነው። መሐል ላይ ሲደርሱ ዝቅ ብለው ጎድጎድ ካሉ የቅዱስ ኤድዋርድ ዘውድ ነው። የቱዶር ዘውድ ከ1901 ጀምሮ በነገሥታቱ ዘመን አገልግሏል። ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ስትነግሥ የቅዱስ ኤድዋርድን መረጠች፤ ከ1953 ወዲህ ባጆቹ በዚያው ተቀየሩ። በ2022 ንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊ ሲነግሥ የቱዶር ዘውድ ተመለሰ።

እንግዲህ ጎድጓዳ ዘውድ ካያችሁ ነገሩ ቀላል ነው፤ የንግሥቲቱ ዘመን ነው። ጉልላት ቅርጽ ካያችሁ ግን ሁለት አማራጭ አላችሁ፤ ወይ ከ1923 እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ወይ የአሁኑ ንጉሥ ዘመን። እዚህ ላይ የሚፈርደው ብረቱ ነው። የድሮው ናስ ነው፤ ከበድ ይላል፣ ያረጃል፣ ይጠቁራል። ከ1950ዎቹ ወዲህ ግን ማጽዳት የማያስፈልገው፣ ወርቅ የሚመስል ቀለም ያለው ቀላል አሉሚኒየም ተለመደ። የመኮንን ባጅ ከሆነ ደግሞ አንበሳና ዘውዱ ከሉሉ ተለይተው ለብቻቸው ይቀመጣሉ፤ በመሐል ክፍተት ስላያችሁ ተሰብሯል ብላችሁ አታስቡ።

ደረጃ 5፦ ቦኔቱን፣ ትከሻውንና እጅጌውን አንብቡ

ሮያል ማሪንስ ዛሬ በዋናነት ኮማንዶ ነው። አረንጓዴው ቦኔት የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኮማንዶዎች ነው፤ መልበስ የተጀመረው በ1942 ነው። የመጀመሪያው የሮያል ማሪን ኮማንዶ የተቋቋመውም በዚያው ዓመት ነው፤ በኦገስት በፈረንሳይ ጠረፍ በዲየፕ ወረራ ተሳትፏል፤ በኋላ 40 ኮማንዶ ተባለ። የምድር ጦሩ ኮማንዶዎች ከጦርነቱ በኋላ ሲበተኑ ሥራው ለማሪኖቹ ቀረ።

አረንጓዴ ቦኔት የሚያደርገው የኮማንዶ ሥልጠናውን የጨረሰ ብቻ ነው። ያልጨረሰው ጥቁር ሰማያዊ ቦኔት ያደርጋል፤ ከባጁ ጀርባም ቀይ ጨርቅ አለው። ፎቶ ላይ ቀይ ጨርቅ ካያችሁ ሰውየው የኮማንዶ ሥልጠናውን አልጨረሰም ማለት ነው። በሌላ በኩል አረንጓዴ ቦኔት ብቻውን ማሪን መሆንን አያረጋግጥም። ሥልጠናውን ያለፉ የምድር ጦርና የባሕር ኃይል አባላትም ያደርጉታል፤ ባጁ ግን የየራሳቸው ክፍል ነው። ስለዚህ ቦኔቱን ካያችሁ በኋላ ዓይናችሁ ወደ ባጁ ይሂድ።

እጅጌ ላይ የምታገኙት ጩቤ የኮማንዶ ምልክት ነው፤ ጫፉ ወደ ላይ ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፎቶ ከሆነ ሌላም ትንሽ ጨርቅ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ መልሕቅ፣ ንስርና መትረየስ አንድ ላይ፣ በጥቁር መደብ ላይ በቀይ። ይህ ከባሕር ወደ የብስ የሚደረጉ ዘመቻዎችን የሚመራው የኮምባይንድ ኦፕሬሽንስ ምልክት ነው። ሦስቱ ነገሮች ባሕር፣ አየርና ምድር ናቸው። ማሪን ያልሆኑ ብዙ ሰዎችም ለብሰውታል። በ2020 ይፋ በሆነው አዲስ የውጊያ ልብስ ላይ ደግሞ የሮያል ማሪንስ ኮማንዶ የትከሻ ጽሑፍ በጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ በቀይ ሆኖ ተመልሷል። የጦርነቱ ጊዜ ቀለም ነው።

የትከሻ ገመዱ ክፍሉን ይነግራችኋል። ቀላል ሰማያዊ 40 ኮማንዶ ነው። ነጭ 42 ነው። ቀይ 45 ነው። ያረጀ ወርቅ የሚመስል ቢጫ 41 ኮማንዶ ነበር። የቀለም ፎቶ ካላችሁ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ አንድ ገመድ ሰውየውን ከሺዎች መሐል ወደ አንድ ሻለቃ ያወርደዋል።

አሁን አንድ የማትረሱት ባጅ ላሳያችሁ። ግራ ትከሻ ላይ፣ በሎረል ቅጠል የተከበበ የንጉሥ ስም ፊደል ካያችሁ ቆም በሉ። የንጉሥ ባጅ ይባላል። ማርች 7 ቀን 1918 ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በኬንት ግዛት ዲል ከተማ የሚገኘውን የማሪኖች ማሠልጠኛ ጎበኘ። ምልምሎቹን ተመለከተ፤ አራተኛው ሻለቃ በፊቱ በሰልፍ አለፈ። የጉብኝቱ መታሰቢያ እንዲሆን ከፍተኛው የምልምሎች ቡድን "የንጉሥ ቡድን" እንዲባል፣ ከመሐሉ በሁሉም ነገር የላቀው አንዱ ምልምል ደግሞ የንጉሡን ስም ፊደል ትከሻው ላይ እንዲያደርግ ወሰነ። ባጁ ተሸልሞ የሚቀመጥ አይደለም። ሰውየው ማዕረጉ የትም ቢደርስ እስከ አገልግሎቱ መጨረሻ ይለብሰዋል።

ያ አራተኛ ሻለቃ ከሰባት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ኤፕሪል 23፣ በቤልጂየም ዚብሩጅ ወደብ ላይ ወረደ። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የሚወጡበትን ቦይ ለመዝጋት የተደረገ ወረራ ነበር። ብዙዎች አልተመለሱም። ለሻለቃው ቪክቶሪያ ክሮስ የሚባለው የብሪታንያ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳሊያ ሁለት ተሰጠ፤ ተሸላሚዎቹን የመረጡት የተረፉት ጓዶቻቸው በድምፅ ነው። ከዚያ ወዲህ ለክብራቸው ሲባል ክፍሉ አራተኛ የሚባል ሻለቃ አቋቁሞ አያውቅም።

ለፎቶ አንባቢ ግን ይህ ባጅ ወጥመድ አለው። ፊደሎቹ እስከ ዛሬ የጆርጅ አምስተኛ ናቸው። ዘንድሮ የሚመረቅ ምልምልም የሚያገኘው ያንኑ ነው። ስለዚህ "የጆርጅ አምስተኛ ፊደል አለው፤ ስለዚህ ፎቶው ከ1936 በፊት ነው" የሚል ድምዳሜ አይሠራም። በአንድ ምልክት ብቻ ዘመን አትቁረጡ የምለው ለዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ ባጁን ገልብጡት

የባጅ እውነት ጀርባው ላይ ነው። የድሮ የናስ ባጅ የሚሠራው ስስ ብረት በማተሚያ ተመትቶ ነው። ፊቱ ላይ ጎልቶ የወጣው ሉል ጀርባው ላይ ጎድጉዶ ይታያል። ጀርባው ደልዳላ ወይም በትንንሽ ቀዳዳዎች የተወረረ ከሆነ ከሌላ ባጅ ላይ ቅርጽ ተወስዶ ቀልጦ የፈሰሰ ቅጂ ሊሆን ይችላል። ቅጂ ዝርዝር ያጣል። የሎረሉን የቅጠል ሥሮች እዩ፤ የአፍሪካን ጠርዝ እዩ፤ የአንበሳውን ጭራ እዩ። ሁሉም የሟሸሸ፣ ጀርባው ግን አዲስ ከሆነ ጠርጥሩ። በአገልግሎት ብዛት ያለቀ ባጅ የሚሟሸሸው ጎልተው የወጡት ቦታዎች ላይ ነው፤ ጎድጓዳው ውስጥ ዝርዝሩ ይቀራል። ቅጂ ላይ ግን ጎድጓዳውም ደብዛዛ ነው።

የልብስ ቁልፎችንም አትናቁ። ጀርባቸው ላይ የአምራቹ ስም ብዙ ጊዜ ተቀርጿል፤ ያ ስም ዘመኑን ለማጥበብ ይረዳል።

ደረጃ 7፦ ወደ ሰነድ ሂዱ

ስም ካላችሁ ሥራው ይቀላል። የድሮ ማሪኖች የአገልግሎት መዝገብ ለንደን ኪው በሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው የሚገኘው። ኤዲኤም 159 የሚባለው ምድብ የአገልግሎት መዝገቦችን፣ ኤዲኤም 157 የቅጥር ወረቀቶችን ይዟል። በድሮው አሠራር የወታደሩ ቁጥር ከፊቱ የዲቪዥኑን አጭር ምልክት ይይዛል፤ ቻተም፣ ፖርትስመዝ ወይም ፕሊመዝ። ሜዳሊያ ካላችሁ ጠርዙን አዙሩት። ስሙና ቁጥሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ተቀርጿል። ባጁ የነገራችሁንና መዝገቡ የሚላችሁን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ካልተስማሙ መዝገቡን ደግማችሁ አንብቡ፤ ከዚያ ባጁን ደግማችሁ እዩ። ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የአባት ባጅ የልጅ ሣጥን ውስጥ ይገኛል።

ደረጃ 8፦ አያያዝ

ብራሶ የሚባለውን የብረት መወልወያ አትንኩ። ናስ ሲወለወል ደስ ይላል፤ ግን በየጊዜው የሚፋቀው ብረቱ ራሱ ነው። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። በባዶ እጅ አትያዙ፤ የእጅ ላብ ናስ ላይ አሻራ ይተዋል። ጨርቅ ምልክት ከልብስ ላይ አትፍቱ። የስፌቱ ክር፣ የቀዳዳው ቦታ፣ ከሥሩ ሳይደበዝዝ የቀረው ቀለም ሁሉ ማስረጃ ነው፤ አንዴ ከተፈታ አይመለስም። ከፀሐይ አርቁት፣ አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልሉት። ፎቶ ስታነሱት መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርጉ፤ ጥላው ዝርዝሩን ያወጣዋል።

ስለ መልበስም ልንገራችሁ። በብሪታንያ ከ1894 ጀምሮ ያለ ፈቃድ የጦሩን የደንብ ልብስ መልበስን የሚከለክል ሕግ አለ። ከሕጉም በላይ ግን አረንጓዴው ቦኔት በላብ የሚገኝ ነገር ነው። ይሰብሰብ፣ ይጠና፣ በመስታወት ውስጥ ይታይ፤ ያላገኘው ሰው አናት ላይ ግን አይውጣ።

በመጨረሻ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር ትንሽ ወረቀት አስቀምጡ። ከማን እንዳገኛችሁት፣ መቼ፣ ከምን ጋር አብሮ እንደነበረ ጻፉ። ያያችሁትን በአንድ በኩል፣ የገመታችሁትን በሌላ በኩል ለዩ። "የቱዶር ዘውድ፣ ናስ፣ ጀርባው ጎድጓዳ" ያያችሁት ነው። "ምናልባት በጦርነቱ ጊዜ የተሠራ" ግምታችሁ ነው። እርሳስ ተጠቀሙ፤ ቀለም ይፈስሳል።